«ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ»፦ ስለ ተወዳጁ ልብ ወለድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተሰበሰቡት የአሜሪካዊቷን ደራሲ የሃርፐር ሊን ልብ ወለድ ያነበቡም ሆኑ ሊያነቡት ያሰቡ ሰዎች አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። የታሪኩ ፍጻሜ በመልሶቹ ውስጥ ስለሚገለጽ፣ መጽሐፉን ገና ያልጀመረ ሰው አስቀድሞ ቢያነበው ይመረጣል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ ባጭሩ ምንድን ነው?

ዘመኑ ከ1933 እስከ 1935 ነው፤ ቦታው ደግሞ ሜይኮም የምትባል፣ በደቡባዊቷ የአሜሪካ ግዛት በአላባማ እንዳለች ተደርጋ በምናብ የተፈጠረች፣ የኢኮኖሚ ድቀት ያደቀቃት ትንሽ ከተማ ናት። ተራኪዋ ስካውት ፊንች ታሪኩ ሲጀምር ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ልጅ ስትሆን፣ የምትኖረው ከታላቅ ወንድሟ ከጄም፣ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ሁለቱን ልጆች ከሚያሳድገው ጠበቃ አባቷ ከአቲከስ፣ እንዲሁም ቤቱን ከምታስተዳድረው ጥቁር ሴት ከካልፐርኒያ ጋር ነው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ አጋማሽ በልጆቹ ጨዋታ የተሞላ ነው፤ ለዓመታት ከቤቱ ወጥቶ የማያውቀውን ጎረቤታቸውን ቡ ራድሊን ለማየት የማይሞክሩት ነገር የለም፣ እርሱም ሳይታይ በዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ማስቲካ፣ ሳንቲምና ከሳሙና የተቀረጹ አሻንጉሊቶች ያስቀምጥላቸዋል።

ከዚያ በኋላ ክሱ ይመጣል። ቶም ሮቢንሰን የተባለ የ25 ዓመት ጥቁር የእርሻ ሠራተኛ፣ ሜዬላ ዩዌል የተባለችን ነጭ ወጣት ደፍረሃል ተብሎ ይከሰሳል፤ ዳኛውም እንዲከላከልለት አቲከስን ይመድቡታል። በችሎቱ እውነቱ ፀሐይ እንደሞቀው ነገር ወጥቶ ይታያል። የሜዬላ ፊት የተመታው በቀኝ በኩል ነው፤ አባቷ ቦብ ዩዌል ግራኝ መሆኑ ስሙን ሲጽፍ ይታወቃል፤ የቶም ግራ እጅ ግን በ12 ዓመቱ የጥጥ መዳመጫ ማሽን ውስጥ ገብቶ ከጥቅም ውጭ ከሆነ ቆይቷል። ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን እንዲወስኑ ከሕዝቡ የተመረጡት፣ ሁሉም ነጭ ወንዶች የሆኑት የጁሪው አባላት ለሰዓታት ከመከሩ በኋላ ጥፋተኛ ነው ብለው ይመለሳሉ። አቲከስ ይግባኝ ለማለት ሲዘጋጅ፣ ቶም ከእስር ቤቱ አጥር ለማምለጥ ሲሞክር በጠባቂዎች ጥይት ይገደላል።

አንባቢዎች ይህን ያህል የሚወዱት ለምንድን ነው?

መወደዱ በቁጥርም ይታያል። ከ40 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጧል፤ ከ40 በላይ በሆኑ ቋንቋዎችም ተተርጉሟል። በ2018 ፒ ቢ ኤስ የተባለው የአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን 100 ልብ ወለዶችን ዘርዝሮ ሕዝቡ አብልጦ የሚወደውን እንዲመርጥ ሲጋብዝ፣ ከ4 ሚሊዮን በላይ ድምፅ በተሰጠበት በዚያ ምርጫ አንደኛ የወጣው ይህ መጽሐፍ ነበር። በ2021 የኒው ዮርክ ታይምስ የመጻሕፍት መጽሔት 125ኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ የዘመኑን ምርጥ መጽሐፍ አንባቢዎቹን ሲጠይቅም መልሳቸው ይኸው ሆነ።

ምክንያቱን ፍለጋ ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ችሎቱ ይሄዳል። በእኔ አስተያየት ግን ፍቅሩ የሚወለደው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ስካውት በአባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ጋዜጣ ስታነብ፣ ትምህርት ቤት ስትገባም ማንበብ በመቻሏ በመምህሯ ስትገሠጽ ነው። ደራሲዋ አንባቢውን መጀመሪያ የአንድ ቤት ልጅ ያደርጉታል። የዚያን ቤት ደጃፍ፣ የጎረቤቶቹን ጠባይ፣ የካልፐርኒያን ቁጣና ቸርነት ካወቀ በኋላ ነው ግፉ የሚደርሰው፤ ስለዚህም ግፉ ከሩቅ እንደሚሰማ ወሬ ሳይሆን በገዛ ሰፈሩ እንደተፈጸመ ነገር ይቆጠቁጠዋል። ስለ ዘረኝነት የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት አንባቢን ያስቆጣሉ፤ ይህኛው ከቁጣው በፊት ሰፈርተኛ ያደርጋል፣ ከዚያም ቶምን የፈረዱበት ሰዎች እነዚያው ሰላም ሲሉ የኖሩ ጎረቤቶች መሆናቸውን ያሳያል።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ የእስር ቤቱ ደጃፍ ሌሊት ነው። በቶም ላይ የደቦ ፍርድ ሊፈጽሙ የመጡት ሰዎች አቲከስን ሲከቡት፣ ምን እየሆነ እንዳለ ያልገባት ስካውት ከመካከላቸው የክፍል ጓደኛዋን አባት አቶ ከኒንግሃምን ትለያለች፤ ስለ ልጁ ትጠይቀዋለች፣ ሰላምታም እንዲያደርስላት ትለምነዋለች። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ይይዝና ሰዎቹን ይዞ ይሄዳል። አንዲት ልጅ በስሙ ስለጠራችው ብቻ ከመንጋው መካከል ሰው ሆኖ ወጣ። ብዙ አንባቢዎች መጽሐፉን ካነበቡ ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላም የሚያስታውሱት ይህንን ገጽ ነው።

ሌላው ከፍርዱ በኋላ ያለው ጠዋት ነው። ስካውትና ወንድሟ ችሎቱን የተከታተሉት ጥቁሮች እንዲቀመጡበት ከተወሰነው ሰገነት ላይ ነበር፤ አቲከስ ተሸንፎ ሲወጣ በሰገነቱ ያሉት ሁሉ ተነሥተው ይቆማሉ፣ ቄሱም ልጅቷን አባትሽ እያለፈ ነውና ተነሺ ይሏታል። በማግስቱ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ የከተማዋ ጥቁሮች ባመጡት ምግብ ተሞልቶ ይገኛል። እነዚያ ሰዎች ለራሳቸው የሚበሉት ያጠራቸው ነበሩ፤ አቲከስም ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ጊዜው ክፉ ነውና ሁለተኛ እንዳያደርጉት ንገሪያቸው ብሎ ለካልፐርኒያ ያሳስባል።

ሃርፐር ሊ ማን ነበሩ?

ኔል ሃርፐር ሊ በሚያዝያ 1926 በአላባማ ግዛት በሞንሮቪል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አማሳ ኮልማን ሊ ጠበቃ፣ የሕግ አውጪ ምክር ቤት አባልና የከተማዋ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበሩ። በልጅነታቸው ከጎረቤት ቤት ለዕረፍት ይመጣ የነበረው ጓደኛቸው ኋላ ስመ ጥር ደራሲ የሆነው ትሩማን ካፖቲ ሲሆን፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው የስካውትና የጄም ጓደኛ ዲል የተቀረጸው በእርሱ አምሳል ነው።

ሊ የሕግ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ በ1949 ወደ ኒው ዮርክ ሄዱና በአየር መንገድ የቲኬት ክፍል ተቀጥረው እየሠሩ በትርፍ ጊዜያቸው ይጽፉ ነበር። በ1956 የገና ዕለት ማይክልና ጆይ ብራውን የተባሉ ባልና ሚስት ወዳጆቻቸው፣ አንድ ዓመት ሥራ ትተው የፈለጉትን እንዲጽፉ የሚያስችል የዓመት ደመወዝ ያህል ገንዘብ በስጦታ ሰጧቸው። ይህ ስጦታ ባይኖር መጽሐፉ ይኖር ነበር ብሎ መናገር ያስቸግራል። ረቂቁን የተቀበለው ሊፒንኮት የተባለው አሳታሚ ሲሆን፣ ቴይ ሆሆፍ የተባሉት አርታኢ ከደራሲዋ ጋር ከሁለት ዓመት በላይ ደጋግመው አሠሩት። ሐምሌ 11 ቀን 1960 ታተመ፤ በዓመቱም የፑሊትዘር ሽልማትን አገኘ። ሊ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ለጋዜጠኞች ቃለ ምልልስ መስጠት አቁመው በጸጥታ ኖሩ፤ በየካቲት 2016 በ89 ዓመታቸው በትውልድ ከተማቸው ዐረፉ።

ታሪኩ በእውነት የተፈጸመ ነው?

ቶም ሮቢንሰን የሚባል ሰው አልነበረም፤ የእርሱ ዓይነት ዕጣ የደረሰባቸው ሰዎች ግን በደራሲዋ ዙሪያ ነበሩ። አባታቸው በ1919 ነጭ ነጋዴ ገድላችኋል ተብለው ለተከሰሱ ሁለት ጥቁሮች ጥብቅና ቆመው ነበር፤ ሁለቱም ተፈርዶባቸው ተሰቀሉ። ሊ ልጅ ሳሉ፣ እዚያው ሞንሮቪል ባለችበት አውራጃ፣ ዋልተር ሌት የተባለ ጥቁር ነጭ ሴት ደፍረሃል ተብሎ በ1934 ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ቢለወጥለትም አእምሮው ታውኮ ብዙ ሳይቆይ ሞተ።

ከሁሉም በላይ አሜሪካን ያነጋገረው ግን የስኮትስቦሮ ጉዳይ ነው። በመጋቢት 1931 በአላባማ በጭነት ባቡር ላይ የነበሩ ዘጠኝ ጥቁር ልጆችና ወጣቶች ሁለት ነጭ ሴቶችን ደፍራችኋል ተብለው ተያዙ፤ ከጥቂት ቀናት ችሎት በኋላም ነጮች ብቻ ያሉበት ጁሪ በስምንቱ ላይ የሞት ፍርድ አስፈረደ። ከከሳሾቹ አንዷ በ1933 ቃሏን አጥፋ የተባለው ነገር አልተፈጸመም ብትልም ጁሪው ከተከሳሾቹ አንዱን ሄይውድ ፓተርሰንን እንደገና ጥፋተኛ ነው አለ። ጄምስ ሆርተን የተባሉት ዳኛ ማስረጃው አያስፈርድም ብለው ፍርዱን ሲሽሩ፣ በቀጣዩ ምርጫ ወንበራቸውን አጡ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ወስኗል፤ በ1932 ተከሳሾቹ በቂ ጠበቃ ሊያገኙ ይገባ እንደነበር፣ በ1935 ደግሞ ጥቁሮችን ከጁሪነት ማግለል ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ አስታውቋል። አላባማ ከመካከላቸው ያልተነሣላቸውን የመጨረሻዎቹን ሦስት ሰዎች ፍርድ በይቅርታ የሰረዘችው በ2013፣ ሁሉም ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

መጽሐፉ የተጻፈበት ጊዜም ሊዘነጋ አይገባም። ሊ ረቂቁን ሲጽፉ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነጭና ጥቁር ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለያየት ሕገ ወጥ ነው ካለ (1954) እና የሞንትጎመሪ ጥቁሮች በከተማ አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው ከዓመት በላይ በእግራቸው ከተጓዙ (ከ1955 እስከ 1956) ብዙ አልቆየም ነበር። ታሪኩ የ1930ዎቹ ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች የዕለቱን ዜና ያነቡበት ነበር።

ቶም ጥፋተኛ የተባለው በየትኛው ማስረጃ ነው?

በምንም ማስረጃ አይደለም፤ ይልቁንም በአንድ ቃል ነው። ዐቃቤ ሕጉ፣ ያለ ክፍያ የሜዬላን ሥራ ለምን ትሠራላት ነበር ብሎ ሲያፋጥጠው፣ ቶም እውነቱን ይናገራል፦ አዝኖላት ነው። ሰባት ታናናሾቿን የምታሳድግ፣ ሰካራም አባት ያላት፣ ወዳጅ የሌላት ልጅ ናት፤ ርኅሩኅ ሰው ቢያዝንላት አያስደንቅም። በዚያች ከተማ ሥርዓት ግን ጥቁር ሰው ለነጭ ሴት ሊያዝን አይችልም፤ ማዘን ማለት ከሚታዘንለት ሰው ከፍ ብሎ መቆም ነውና። የችሎቱ አየር የሚለወጠው በዚያች ቅጽበት ነው። ደራሲዋ ዘረኝነት ሰውን ለደግነቱም ጭምር እንዴት ዋጋ እንደሚያስከፍለው ያሳዩበት ይህ ክፍል፣ ከአቲከስ የመዝጊያ ንግግር ያነሰ ቢጠቀስም፣ በእኔ ንባብ የመጽሐፉ ልብ ነው።

የርዕሱ ወፍ ምን ትወክላለች?

የመጽሐፉ ርዕስ «ሞኪንግበርድን መግደል» ማለት ነው፤ ሞኪንግበርድ የሌሎችን ወፎች ዜማ እያስመሰለች የምትዘምር የአሜሪካ ወፍ ናት። ልጆቹ የአየር ጠመንጃ ሲሰጣቸው አቲከስ ይህችን ወፍ መግደል ኃጢአት መሆኑን ይነግራቸዋል፤ ጎረቤታቸው ወይዘሪት ሞዲም ሰብል የማታጠፋ፣ መዘመር እንጂ ሌላ ሥራ የሌላት ወፍ በመሆኗ ነው ብላ ታብራራለች። ማንንም ሳይጎዱ የተጎዱት ቶምና ቡ ራድሊ በዚህ ምሳሌ ይታያሉ።

አቲከስ ከተሸነፈ እንደ ጀግና የሚታየው ለምንድን ነው?

እንደሚሸነፍ እያወቀ ሥራውን በሙሉ ልብ ስለሠራ ነው። ብዙ አሜሪካውያን ጠበቆች ወደ ሙያው የገቡት አቲከስን አንብበው እንደሆነ በይፋ ተናግረዋል፤ የአሜሪካ የፊልም ኢንስቲትዩትም በ2003 በግሪጎሪ ፔክ የተተወነውን አቲከስ የሲኒማ ታላቁ ጀግና ብሎ ሰይሞታል።

ይህ ክብር ያለ ክርክር አልጸናም። የሕግ ምሁሩ ሞንሮ ፍሪድማን በ1992 በጻፉት መጣጥፍ፣ አቲከስ ቶምን የተከላከለው በዳኛ ስለተመደበ ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት በምክር ቤት ተቀምጦ ነጭና ጥቁርን የሚለያየውን ሕግ ለመለወጥ ምን እንዳደረገ አጥብቀው ጠይቀዋል። ጸሐፊው ማልኮም ግላድዌልም በ2009 ተመሳሳይ ሐሳብ አንሥቷል፤ በእርሱ አመለካከት አቲከስ የጎረቤቶቹን ልብ ለማለዘብ እንጂ ሥርዓቱን ለመገልበጥ የቆመ ሰው አይደለም። ትችቱ ትክክለኛ ነው፤ አቲከስ መልካም ሰው ነው፣ መልካምነቱም ቶምን ከሞት ለማዳን አልበቃም። መጽሐፉን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ሁለቱንም አንድ ላይ ይይዛቸዋል፤ ደራሲዋም ቶም እንዲተርፍ አድርገው ታሪኩን ባለማጣፈጣቸው ሁለቱን እንድንይዝ አስገድደውናል።

ጥቁር አንባቢዎችስ እንዴት ይመለከቱታል?

እንደ ማንኛውም አንባቢ አመለካከታቸው የተለያየ ነው። የሚወዱት ብዙ ናቸው፤ ከሚተቹት ደጋግሞ የሚሰማው ቅሬታ ደግሞ ግፉ የጥቁሮች ሆኖ ታሪኩ የነጮች መሆኑ ነው። ቶምን የምናውቀው በፍርድ ቤት ወንበር ላይ ሲመሰክር ብቻ ነው፤ ሚስቱ ሄለን የባሏን ሞት ስትረዳ መሬት ላይ መውደቋን ከሌላ ሰው አፍ እንሰማለን እንጂ ድምፅዋን አንሰማም። ካልፐርኒያ ያሳደገቻቸው የነጭ ልጆች የራሷ ቤት የት እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሰብ የሚጀምሩት ከእርሷ ጋር ወደ ጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ነው።

በዚያው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሉላ የምትባል ሴት፣ ነጮች የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን እያላቸው እነዚህን ልጆች ለምን አመጣሽ ብላ ካልፐርኒያን ትሞግታለች። በመጽሐፉ ውስጥ የጥቁርን ቁጣ በግልጽ የምትናገረው እርሷ ናት፤ ነገር ግን የጉባኤው ሰዎች ወዲያው ያግዷትና ከታሪኩ ትጠፋለች። በ1960 አብዛኛው አንባቢ ሉላን እንደ ነገረኛ ሴት አልፏት ይሆናል። ዛሬ የሚያነብ ሰው ቆም ብሎ ጥያቄዋን ቢያዳምጥ መጽሐፉ ይሰፋለት እንጂ አይጠብበትም። በሕይወት ያለ ፍቅር ትችትን ይችላል፤ ስለ አቲከስ አልቅሶ ስለ ሄለን ያላሰበ አንባቢ ግን መጽሐፉን ገና አልጨረሰም ብዬ አምናለሁ።

በ2015 የወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ አቲከስን ዘረኛ አድርጎ ያቀርበዋል ይባላል፤ እውነት ነው?

አዎን። «ጎ ሴት ኤ ዎችማን» በሐምሌ 2015 ቢታተምም የተጻፈው በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ቀደም ብሎ ነው። በዚያ ረቂቅ ስካውት አድጋ ከኒው ዮርክ ወደ ሜይኮም ስትመለስ፣ ያረጀው አባቷ የጥቁሮችን እኩልነት በሚቃወም የነጮች ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ታገኘዋለች። አርታኢዋ የልጅነት ትዝታዎቹ ላይ እንዲያተኩሩ ስለመከሩ ከዚያ ረቂቅ ውስጥ የምናውቀው ልብ ወለድ ተወለደ። ልጃቸውን በአቲከስ ስም የጠሩ ወላጆችን ሳይቀር ያሳዘነ ህትመት ነበር። የሁለቱ መጻሕፍት አቲከስ አንድ ሰው ነው ብሎ መደምደም ግን ችኮላ ነው፤ ረቂቁ ደራሲዋ ጽፈው የተዉት፣ ኋላም እንደገና ያልሠሩት ሥራ ነው።

ከትምህርት ቤቶች እንዲወጣ የሚጠየቀው ለምንድን ነው?

ምክንያቱ ከዘመን ዘመን ተለዋውጧል። በ1966 በቨርጂኒያ ግዛት የሃኖቨር አውራጃ የትምህርት ቦርድ መጽሐፉ ከሥነ ምግባር ውጭ ነው ብሎ አገደው፤ ሊም ለሪችመንድ ጋዜጣ በላኩት ደብዳቤ፣ የቦርዱን አባላት አንደኛ ክፍል ለማስገባት የሚያግዝ ጥቂት ገንዘብ አያይዘው ላኩ። በ2017 በሚሲሲፒ ግዛት የቢሎክሲ ትምህርት ቤቶች ቋንቋው ሰዎችን ይረብሻል በሚል ከስምንተኛ ክፍል ትምህርት አወጡት። በ2022 ደግሞ በሲያትል አቅራቢያ የመኪልቲዮ ትምህርት ቦርድ ከዘጠነኛ ክፍል የግዴታ ንባብ ዝርዝር ሰረዘው፤ መምህራን ከፈለጉ እንዲጠቀሙበት ግን ፈቅዷል።

እነዚህን ሦስቱን በአንድ ዓይን ማየት አይገባም። የመጀመሪያው እገዳ የመጣው መጽሐፉ ያነሣው ጉዳይ እንዳይነሣ ከሚፈልጉ ሰዎች ነው። የኋለኛው ጥያቄ ደግሞ ጥቁሮችን የሚያዋርደው ስድብ በመጽሐፉ ውስጥ በተደጋጋሚ መምጣቱ፣ በክፍሉ ውስጥ ብቸኛ ጥቁር ሆኖ ያንን ቃል ጮክ ተብሎ ሲነበብ ለሚሰማ ተማሪ ምን እንደሚያደርግ ከሚያስቡ መምህራን ነው፤ እነርሱም ስለ ዘረኝነት ጥቁር ደራስያን የጻፉት ይቅደም ይላሉ። መጽሐፉን ብወደውም ይህ ሐሳብ ክብደት አለው። ማንበብን መከልከል ሌላ፣ ብቸኛው ንባብ ይህ ይሁን ማለት ሌላ ነው።

አፍሪካ በመጽሐፉ ውስጥ ትጠቀሳለች?

ትጠቀሳለች፤ በሚያስገርም ቦታም ነው። በ24ኛው ምዕራፍ የሜይኮም ነጭ ወይዛዝርት በፊንች ቤት ለሻይ ተሰብስበው፣ ምሩና ስለሚባል የአፍሪካ ሕዝብ ድህነትና ጨለማ፣ በመካከላቸውም ስለሚደክም ሚስዮናዊ በእንባ ይነጋገራሉ። ይህ ሕዝብ የደራሲዋ ፈጠራ ነው። በዚያው አፍ፣ በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ከቶም ፍርድ በኋላ ፊታቸውን ያጠቆሩ ጥቁር ሠራተኞቻቸውን ያማርራሉ፤ ሩቅ ላለው አፍሪካዊ የሚያነባው ዓይን ወጥ ቤት ውስጥ ላለችው ጥቁር ሴት ደርቋል። አቲከስ የቶምን መሞት ይዞ የሚገባው በዚህ ሰዓት ነው። አክስቲቱ አሌክሳንድራ፣ ወይዘሪት ሞዲና ስካውት ወጥ ቤት ውስጥ መርዶውን ከሰሙ በኋላ ፊታቸውን አስተካክለው፣ ብስኩቱን ይዘው ወደ እንግዶቹ ይመለሳሉ። ለአፍሪካዊ አንባቢ ከዚህ የበለጠ የሚናገር ምዕራፍ በመጽሐፉ ውስጥ የለም።

ከዚህ ጋር የሚገጥም አንድ የዘመን ግጥጥሞሽም አለ። ታሪኩ የሚያበቃው በጥቅምት 1935 መጨረሻ ሲሆን፣ ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን የወረረችው በዚያው ወር መጀመሪያ ነበር፤ በሃርለምና በቺካጎ ያሉ ጥቁር አሜሪካውያንም ለኢትዮጵያ ሰልፍ ይወጡ፣ ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር። ሜይኮም ይህን አልሰማችም። መምህርቷ ወይዘሪት ጌትስ ሂትለር በአይሁድ ላይ የሚያደርሰውን ግፍ በክፍል ውስጥ ታወግዛለች፤ ስካውት ግን ከፍርድ ቤት ሲወጡ ስለ ራሷ ከተማ ጥቁሮች አንድ ሰው ትምህርት ሊሰጣቸው ይገባል ስትል ሰምታታለች፣ ሁለቱ እንዴት እንደሚስማሙም ሊገባት አልቻለም።

ሞንሮቪል ዛሬ መጽሐፉን እንዴት ታስታውሰዋለች?

አሮጌው ፍርድ ቤት ሙዚየም ሆኗል፤ በየዓመቱም የከተማዋ ነዋሪዎች ታሪኩን በቴአትር ያቀርባሉ፣ የችሎቱን ክፍል የሚተውኑትም እዚያው ችሎት አዳራሽ ውስጥ ነው። ጎብኚዎች ከሩቅ አገር ይመጣሉ።

በዚህች በመጽሐፉ በምትኮራ ከተማ አካባቢ ግን በ1986 አንዲት ነጭ ወጣት ስትገደል፣ ዋልተር ማክሚሊያን የተባለ ጥቁር ሰው ተያዘ። ግድያው ሲፈጸም በቤቱ ለቤተ ክርስቲያን ገቢ በተዘጋጀ የዓሣ ጥብስ ድግስ ላይ እንደነበረ ብዙ ጥቁሮች ቢመሰክሩም አልታመኑም፤ ገና ሳይፈረድበት የሞት ፍርደኞች ክፍል እንዲገባ ተደረገ፣ በ1988ም ጁሪው የዕድሜ ልክ እስራት ሲያቀርብ ዳኛው ወደ ሞት ቅጣት ለወጡት። ጠበቃው ብራያን ስቲቨንሰን ዋናው ምስክር በሐሰት መናገሩን አረጋግጦ በመጋቢት 1993 አስፈታው። ስቲቨንሰን የከተማዋ ሰዎች ስለ ልብ ወለዱ ሲነግሩት የነበረውን ኩራት ከዚህ ጉዳይ አጠገብ አስቀምጦ ደጋግሞ ተናግሯል። ሉላን ወይም ሄለንን ለመስማት የፈለገ አንባቢ የማክሚሊያንን ቤተሰብ ታሪክ ቢፈልግ ያገኛቸዋል።

አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን በትምህርት ቤት እንዲያነቡት ሲታዘዙ ወላጅ ምን ቢያደርግ ይጠቅማል?

ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው በስምንተኛ ወይም በዘጠነኛ ክፍል ነው፤ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሲያትል የሚያድግ ኢትዮጵያዊ ልጅ ያነበዋል ብሎ መጠበቅ ይቻላል። ከሁሉ የሚበልጠው አብሮ ማንበብ ነው። ስድቡ በክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚነበብ መምህሩን አስቀድሞ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው፤ ጥሩ መምህራን ቃሉን ጮክ ብለው አያስነብቡም። ልጁን ደግሞ ስለ አቲከስ ብቻ ሳይሆን ስለ ካልፐርኒያ ልጅ ስለ ዚቦ፣ ስለ ቶም ልጆች ምን እንዳሰበ መጠየቅ ውይይቱን ያሰፋዋል።

ይህ የሌላ ሰው ታሪክ ነው የሚል ልጅ ካለ፣ ስለ ሙሉጌታ ስራው ሊነገረው ይገባል። ለትምህርት አሜሪካ የሄደው ይህ ወጣት በኅዳር 1988 በኦሬገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ በቆዳው ቀለም ምክንያት በዘረኛ ወጣቶች ተደብድቦ ተገደለ። ቤተሰቡን ወክለው፣ ገዳዮቹን ያነሣሣውን የነጮች የበላይነት ድርጅት መሪ በፍትሐ ብሔር ከከሰሱት ጠበቆች ዋናው የመጡት ከአላባማ፣ ከሞንትጎመሪ ነበር፤ ጁሪውም በ1990 የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወሰነ።

ፊልሙን ማየት አይበቃም?

በ1962 የወጣው፣ ሮበርት መሊጋን ያዘጋጁት ፊልም ድንቅ ሥራ ነው፤ ግሪጎሪ ፔክን የኦስካር ተሸላሚ አድርጓል፣ ቶምን የተወነው ብሮክ ፒተርስ በምስክር ወንበሩ ላይ የሚያሳየው ጭንቀትም ከብዙ ገጽ ይበልጣል። ይሁንና አክስት አሌክሳንድራ በፊልሙ ውስጥ የሉም፤ የወይዛዝርቱ የሻይ ግብዣም፣ ሉላ የቆመችበት የቤተ ክርስቲያን ደጃፍም አልተካተቱም። በ2018 በኒው ዮርክ የቴአትር ሰፈር በብሮድዌይ የተከፈተው የአሮን ሶርኪን ቴአትር ለካልፐርኒያና ለቶም የበለጠ ንግግር ሰጥቷል። ሁለቱንም ማየት ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን 31ዱን ምዕራፎች ማንበብ ይሻላል።